ስለ ኩላሊት ጠጠርና ስለ ሌዘር ሕክምና ሲስተርን ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። ላለፉት 12 ዓመታት ከዩሮሎጂ ሐኪሞች ጋር ሠርቻለሁ። የኩላሊት ጠጠር በሌዘር ሲፈጭ መሣሪያ አቀብያለሁ፤ ከማደንዘዣ የሚነቃውን ሰው እጅ ይዣለሁ። የከነከናችሁን ሁሉ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አልችልም፤ ምርመራችሁን ሳላይ «ይህን አድርጉ» ማለት። እሱ የሐኪማችሁ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ «ሌዘር ከውጭ ሆነው ነው የሚተኩሱት፣ ሰውነት ውስጥ ምንም አይገባም» ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለት ሕክምና ተቀላቅሎብሃል ወንድሜ። ከውጭ ሆኖ ጠጠሩን የሚመታው ሌዘር ሳይሆን የድምፅ ሞገድ ነው። በሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው በ1980 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬም ይሠራበታል።

ሌዘሩ ግን ጠጠሩ ያለበት ድረስ መሄድ አለበት። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫ በኩል ያስገባል። ካሜራው ፊኛን ያልፍና ከኩላሊት በሚወርደው ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። ቆዳ አይቀደድም፣ ስፌት የለም። በካሜራው ውስጥ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ የመስታወት ክር ይገባል። ብርሃኑ የሚወጣው ከክሩ ጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ሆልሚየም የሚባለው ሌዘር ነው። ጉልበቱን ውሃ ቶሎ ይውጠዋል፤ ከክሩ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ይከስማል። ስለዚህ ጫፉ ጠጠሩ ላይ እስካለ ድረስ ጎኑ ያለውን ሥጋ ብዙም አያገኘውም። ጠጠሩ ወይ እንደ ዱቄት ይደቅና በሽንት ይወጣል፣ ወይ ይሰባበርና ስብርባሪው በትንሽ የሽቦ መረብ እየተያዘ ይወጣል። ማደንዘዣ ስላለ ሕመም አይሰማም። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል።

ጥያቄ፦ 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር ቱቦው ታች ደርሷል ተባልኩ። ሌዘር ልሠራ?

መልስ፦ አትቸኩል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ሕመሙ በማስታገሻ ከተቻለ፣ ትኩሳት ከሌለህ፣ ኩላሊትህም ደህና ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። በየመሃሉ ግን መታየት አለብህ። «ሕመሙ ጠፋ፣ ወጣ ማለት ነው» ብለህ እንዳትቀር። ጠጠሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ሕመሙ ብቻ ሊጠፋ ይችላል፤ ኩላሊቱ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ቢራ ጠጣ፣ ጠራርጎ ያወጣዋል እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ቢራ ሽንት ያበዛል እንጂ ጠጠር አይሰብርም። ኋላ ደግሞ ሰውነትን ያደርቃል። ውሃ ጠጣ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምጽፍልሽ ከጅዳ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ኩላሊቴ ውስጥ 14 ሚሊ ሜትር ጠጠር አለ። ከውጭ በሞገድ ይሻላል ወይስ በሌዘር?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ መጠን ሁለቱም ይታሰባሉ። የሚወስነው ጠጠሩ ያለበት ቦታና ጥንካሬው ነው። ሁለቱንም ሲቲ ስካን ያሳያል። ጠጠሩ በጣም ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም ኩላሊቱ ታችኛው ኪስ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ሞገዱ ቢሰብረው እንኳ ስብርባሪው ወጥቶ ላያልቅ ይችላል። ያኔ ሌዘሩ ይመረጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰውም ብዙ ጊዜ ሌዘሩ ይሻላል። እርጉዝ ሴት ግን በሞገድ በፍጹም አትታከምም።

ስለ ውሃ ደግሞ ልለምንሽ። በዚያ ሙቀት ላብ ሲበዛ ሽንት ይወፍራል፤ ጠጠር የሚሠራው ያኔ ነው። ሥራ በዝቶ፣ ሽንት ቤት መመላለስም አሳፍሮ፣ ሳይጠጡ የሚውሉ እህቶች ብዙ ናቸው። ጠርሙስሽ ከእጅሽ አይለይ። ሽንትሽ ነጣ እስኪል ጠጪ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ጠጠር 3 ሴንቲ ሜትር ነው። «በጀርባ በኩል እንገባለን» አሉን። ሌዘር እያለ ለምን ይቀደዳሉ?

መልስ፦ ከ2 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ከታች በኩል መፍጨት ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ መደጋገምም ያመጣል። በጀርባ በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይከፈትና በቀጥታ ኩላሊቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ገብተውም መሰባበሪያው ሌዘር ሊሆን ይችላል። የድሮው ጎንን ሰፊ አድርጎ የመክፈት ኦፕራሲዮን አይደለምና አባታችንን አረጋጋቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጠጠር እንዳለባት እናውቃለን። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጎኗን ይወጋታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ትኩሳትም አላት። የሌዘር ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው። እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ! አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። ጠጠር መንገድ ዘግቶ ከኋላው ያለው ሽንት ሲመረዝ ጀርሙ ወደ ደም ይገባል። ያ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል።

ስትደርሱ ጠጠሩን ባያወጡት አትናደድ። በዚያ ሰዓት ሌዘር ማድረግ ጀርሙን ይብስ ማሰራጨት ነው። መጀመሪያ ቱቦ አስገብተው የታገተውን ያፈሳሉ፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣሉ። ጠጠሩ ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ በሌላ ቀን ይፈጫል። «ለጠጠር ገብታ ቱቦ ብቻ ከተው ሸኟት» እያሉ የሚያዝኑ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። ያቺ ቱቦ ናት ያተረፈቻት።

ጥያቄ፦ ሌዘር ከተሠራልኝ አምስት ቀኔ ነው። ውስጤ «ስቴንት» አስቀምጠዋል። ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ስሸና ወገቤን ይወጋኛል፣ ብዙ ስሄድ ደም አያለሁ። የሆነ ነገር ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ የነገርሽኝ ሁሉ ስቴንት ያለበት ሰው የሚለው ነው። ስቴንት ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ነው። አንዱ ጫፉ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ይጠቀለላል። ከሌዘሩ በኋላ መንገዱ ስለሚያብጥ ሽንት እንዳይታገት ይጠብቃል። ፊኛን ስለሚነካው ነው የሚያስቸኩልሽ። ውሃ ጠጪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ። ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም የረጋ ደም ከወጣ ግን ተመለሺ።

አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። ስቴንት ይወጣል! ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ። አንዲት እናት ከሁለት ዓመት በኋላ መጡ። ሕመሙ ለቋቸው ነበር፣ ከተማም ቀይረው ነበር፣ መውጣት እንዳለበትም በደንብ የነገራቸው ሰው የለም። ስቴንቱ በሁለቱም ጫፍ ጠጠር ጋግሮ እንደ ዛፍ ሥር ተጣብቆ ነበር። እሱን ለማውጣት ሁለት ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው። ሲወጣ አልቅሰዋል፤ እኔም አብሬያቸው አልቅሻለሁ። ማውጣቱ በጊዜው ቢሆን ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ አብዛኛውን ጊዜም በማደንዘዣ ጄል ብቻ። ዋጋ ስትጠይቁም «የስቴንቱ ማውጫ አለበት ወይ?» በሉ። ያ ገንዘብ ሳይታሰብ ቀርቶ ስቴንቱን ይዞ የሚቀር ሰው አለ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። ልጅ መውለድን ይነካል?

መልስ፦ አይነካም። ስቴንቱ እያለ ግንኙነት ሊያምህ ይችላል፤ ሲወጣ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ተመልሶ ይመጣል? ወተት አቁም ብለውኛል።

መልስ፦ ሊመጣ ይችላል፤ ሌዘሩ ያለውን ጠጠር እንጂ ጠጠር የመሥራት ጠባዩን አያጠፋም። ወተትን አታቁም፤ በልክ ጠጣ። ካልሲየም ከምግብ ሲገኝ ጠጠር የሚሠራውን ኦክሳሌት የሚባል ነገር አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ኩላሊት አያሳልፈውም። መቀነስ ያለበት ጨው ነው። ሽሮውም በርበሬውም ጨው ይዞ ነው የሚመጣው፤ ገበታ ላይ ደግሞ አትጨምር። ሥጋም በልክ። ሎሚ ውሃህ ላይ ጭመቅ። ሽንትህ በቀን ሁለት ሊትር ተኩል እንዲሞላ ጠጣ።

የወጣውን ጠጠርም አስመርምር። የዩሪክ አሲድ ጠጠር ከሆነ የሽንትን አሲድነት በሚቀንስ መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌዘር ላያስፈልግህ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ነገ ጠዋት ልገባ ነው። ምን ልያዝ?

መልስ፦ የሲቲ ስካን ፊልምህን። የሽንት ምርመራ ውጤትህን። የምትውጣቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ካለ ዛሬውኑ ደውለህ ንገራቸው። ምግብና ውሃ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምታቆም ጠይቅ። ቤት የሚያደርስህ ሰው ይኑር፣ ራስህ እንዳትነዳ። ስትወጣ ደግሞ ስቴንት ተደርጎልህ ከሆነ የሚወጣበትን ቀን አስጽፍ። አንዱን ስልክህ ላይ፣ አንዱን ባለቤትህ ስልክ ላይ መዝግቡት።