ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦውን እዩት

ጥያቄያችሁ «አዲስ ፋብሪካ ዲዛይን ላይ ነን፤ ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብልን የትኛውን ሞተር እንግዛ?» የሚል ነው። በቀጥታ ልመልስ። ሞተሩ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ለዓመታት የፓምፕና የማናፈሻ መስመሮች ላይ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት፣ ትልቁ ብክነት ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ሞተሩ ላይ በተጫነው ሥራ ውስጥ እንዳለ ነው።

ቁጥሩን እዩት። አንድ ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር ከአይ-ኢ 3 ወደ አይ-ኢ 4 ደረጃ ቢቀየር (እነዚህ የሞተር ቆጣቢነት ደረጃዎች ናቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብክነቱ ያንሳል) የምታተርፉት 2 በመቶ ገደማ ነው። አልናቅሁትም፣ ቀን ከሌት ለሚዞር ሞተር ያዋጣል። ግን ያው ሞተር በቀጭን ቱቦ ውሃ እየገፋ ከሆነ ያቺ 2 በመቶ የትም አታደርስም።

ቱቦው ትንሽ ሲሰፋ ሰበቃው ከምትገምቱት በላይ ነው የሚወርደው። የሚፈሰው ውሃ መጠን ሳይቀየር የውስጥ ዲያሜትሩን በ20 በመቶ ብታሰፉት፣ በሰበቃ የሚባክነው ግፊት ከነበረበት ወደ 40 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የቱቦው ዋጋ ግን በዚያ ልክ አይንርም። ደግሞ ሰው ሲያሰላ የሚረሳው ነገር አለ፤ ሰበቃው ሲቀንስ ፓምፑ ያንሳል፣ ፓምፑ ሲያንስ ሞተሩ ያንሳል፣ ከዚያ ኬብሉም፣ የኤሌክትሪክ ፓነሉም፣ ትራንስፎርመሩም አብረው ያንሳሉ። ለቱቦ የጨመራችሁትን ብር እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርፌስ የተባለው የአሜሪካ ምንጣፍ አምራች ሻንጋይ ላይ ፋብሪካ ሲያቋቁም፣ ለአንድ የምርት ሂደት የታሰቡት ፓምፖች በመጀመሪያው ዲዛይን በድምሩ 95 የፈረስ ጉልበት ነበር የሚፈልጉት። ያን ሺልሃም የሚባል የኩባንያው መሐንዲስ ዲዛይኑን እንደገና አየውና 7 አደረሰው። ዘጠና አምስቱን ሰባት! አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፈም። ቱቦውን አሰፋ፣ ፓምፑን አሳነሰ፣ በቃ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ብልሃቱ ነው፤ መጀመሪያ ቱቦዎቹን ቀጥ ያሉና አጭር አድርጎ ዘረጋ፣ ማሽኖቹን ያስቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። የተለመደው ግን ተቃራኒው ነው። ማሽኑ ቦታ በተገኘበት ይተከላል፣ ከዚያ ቧንቧ ሠሪው ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) በኤልቦ እየቀጠለ፣ ምሰሶውንም ግድግዳውንም እየዞረ እንደምንም ያገናኘዋል። እያንዳንዷ ኤልቦ ፋብሪካው በሠራ ቁጥር ኤሌክትሪክ ትበላለች፣ ማንም ግን አይቆጥራትም።

ሌላው ነገር መጠባበቂያ ነው። ሁሉም ሰው «ለማንኛውም» ብሎ ይጨምራል። የምርት ክፍሉ 10 በመቶ፣ መሐንዲሱ 15፣ ሻጩ ደግሞ ካታሎጉ ላይ ቀጥሎ ያለውን መጠን ሲመርጥ 20። እነዚህ ሲባዙ ፓምፑ ከሚያስፈልገው በግማሽ ያህል በልጦ ይገኛል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ቫልቭ ይጠበብና ፍሰቱ ይታነቃል። ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን መያዝ ማለት ነው። መጠባበቂያ ይኑር፣ ግን አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ ይጨምረው፤ ስንት እንደጨመረም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ፍሰቱ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚቀይር መሣሪያ፣ አስገቡ። የፋን ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሻጮች የማይነግሯችሁ ግን አለ። ውሃ ወደ ከፍታ የሚያወጣ ፓምፕ ላይ ይህን ያህል ትርፍ አትጠብቁ፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም ከፍታው ያው ነው።

ሙቀትም እንደዚሁ ነው። አንዱ ማሽን ሙቀት እየጣለ፣ ሌላው ጥግ ላይ ደግሞ ውሃ በቦይለር የሚሞቅበት ፋብሪካ ሞልቷል። አየር የሚያምቅ ኮምፕሬሰር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ኮምፕሬሰሩና ቦይለሩ የዲዛይን ሥዕሉ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሙቀቱን መልሶ መጠቀም ቀላል ነው። መቶ ሜትር ከተራራቁ ግን በኋላ ማንም አይነካውም።

ቢሮው ላይም ሐሳቡ አንድ ነው። ፓሲቭ ሐውስ የተባለውን በጣም ኃይል ቆጣቢ የሕንፃ ደረጃ የሚያሟሉ ቤቶች ለማሞቂያ በዓመት በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥባቸውም። ይህ የመጣው ከምርጥ ማሞቂያ ሳይሆን ከግድግዳው፣ ከመስኮቱና አየር እንዳይሾልክ ከተደረገው ጥንቃቄ ነው። ማሞቂያውማ በጣም አንሷል።

አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። ዲዛይነራችሁ የሚከፈለው ከፕሮጀክቱ ጠቅላላ ዋጋ በመቶኛ ተሰልቶ ከሆነ፣ ፓምፕ ባሳነሰ ቁጥር የራሱን ደሞዝ እየቀነሰ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ ውሉ ነው እንደዚያ ያደረገው። ክፍያውን ቁርጥ አድርጉት፣ ወይም ከተቆጠበው ኤሌክትሪክ ድርሻ ስጡት። ለዚህ ደግሞ በየመስመሩ ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ አንድ ዋና ቆጣሪ ብቻ ካለ ማን ምን እንደበላ አይታወቅም።

አሁን ሥዕሉ ገና አልጸደቀም ብላችኋል፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ናችሁ። በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያልፍ፣ የቱቦውን ርዝመትና ዲያሜትር፣ የኤልቦዎቹን ብዛት፣ ውሃው የሚወጣበትን ከፍታም እዚሁ ጻፉልን። ፓምፑ በትክክል ስንት ኪሎዋት እንደሚያስፈልገው አብረን እናሰላዋለን፣ የሞተሩን ነገር ከዚያ በኋላ እናወራለን።