ድመቴን በጾም ሥጋ ባበላት ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ብቻዬን ነኝ። አንዲት ድመት አለችኝ። በዚህ ብርድ ከሥራ ስገባ በር ላይ የምትቀበለኝ እሷ ናት። ማታ ስጸልይ እግሬ ሥር ትተኛለች። አሁን ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ የእሷ ምግብ ደግሞ ሥጋና ዓሣ ነው። እናቴ በስልክ «በነነዌ ከብቱ ሳይቀር ጾሟል፤ አንቺ በጾም ቤትሽን ሥጋ ሥጋ ታሸቺዋለሽ?» አለችኝ። ነጠላዬም ከፀጉሯ ጠርቶ አያውቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ድመትሽን አብያት። ጾምሽን አልገደፍሽም።

እናትሽ የጠቀሱት ቃል እውነት ነው። ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3 ላይ የነነዌ ንጉሥ ሰውም እንስሳም ምንም እንዳይቀምስ፣ ውኃም እንዳይጠጣ አዋጅ አስነግሯል። ያ ጥፋት የተነገረባት ከተማ ጩኸት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የነነዌን ጾም በየዓመቱ 3 ቀን ትጾማለች፤ ከብቶቻችሁን ውኃ ከልክሏቸው ግን አላለችም። መጽሐፉንም እስከ መጨረሻው አንብቢው። የሚዘጋው በእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ለነነዌ ማዘኑን ለዮናስ ሲነግረው ከሕዝቡ ጋር ብዙ እንስሶችንም ቆጥሯል። እኔ ይህን ቦታ በጣም እወደዋለሁ። ሰው ዘንግቷቸው ሊያልፍ ይችላል፤ እሱ ግን አልዘነጋቸውም።

ጾም ለምን ተሠራ? የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ በሆነው በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ላይ ተጽፏል። ኃጢአት እንዲሰረይልን፣ የሥጋ ፈቃዳችንም ለነባቢት ነፍስ፣ ማለት ለምታስበውና ለምትናገረው የሰው ነፍስ፣ እንዲገዛ ነው። ድመትሽ የምትናዘዘው ኃጢአት የላትም። ነባቢት ነፍስም የላትም። አገር ቤት ድመቷ ዓርብ ቀን አይጥ ስትይዝ ጾም ገደፈች ያላት ሰው አለ? ለእናትሽ ይህን በፍቅር አስታውሻቸው፤ ይገባቸዋል። የአገር ቤቷ ድመት ግን ራሷ አድና ትበላለች። ያንቺዋ በረዶ በከበበው አፓርታማ ውስጥ ከእጅሽ በቀር ምግብ የላትም። ሽሮና ምስርም አይሆናትም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ ከጎደላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል። በጾም ወራት ይህ ርኅራኄ ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባም።

የምግቧ ሽታ ካስጎመጀሽ አትደንግጪ፤ ያ ፈተና እንጂ መግደፍ አይደለም። ሰጥተሻት እጅሽን ታጥበሽ ወደ ጸሎትሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ብቻዬን ነኝ ብለሽኛል። ድመትሽን መውደድሽ ነውር የለበትም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ነው የምናያቸው፤ ገድላቸው 60 አንበሳና 60 ነብር ይላል። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። በሚኒሶታ ክረምት ገና ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይደርስ ይጨልማል። ሰው ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ እያለ ወራት ያልፋሉ። መንገዱ በረዶ ሲሆን ከቅዳሴ መቅረትሽ አያስወቅስሽም። መንገዱ በተጠረገበት እሑድ ግን ሂጂ። መኪና ካለሽ፣ መኪና የሌላትን እኅት ወይም አዛውንት እናት ይዘሽ ሂጂ። እዚያ ከተማ እንዳንቺ ብቻቸውን የሚከርሙ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ለንስሓ አባትሽም ብቸኝነትሽን ንገሪያቸው፤ ኃጢአት ብቻ አይደለም የሚነገረው።

ስለ ነጠላው፦ ዘሌዋውያን 11፥27 በመዳፋቸው የሚሄዱ እንስሳትን ርኩስ ይላል። አትበሏቸው ማለቱ ነው፤ በመንካት ያረክሳል ያለውም በድናቸውን ነው። በሕይወት ያለች ድመት ፀጉር ጸሎትሽን አያስቀርም። ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሺውን ነጠላ ግን ለክብሩ ስትይ ለብቻው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው። ከመውጣትሽ በፊትም በደንብ አራግፊው።