መልስ፦ እናቴን ምንም ሳያማት ላስመርምራት?

እህቴ፣ «እናቴ 45 ዓመቷ ነው፤ ምንም አያማትም። ከቢቸና ገጠር ድረስ ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ላመላልሳት?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ ውሰጃት። ይህ በሽታ ሲጀምር አያምም። ደሙና ሽታ ያለው ፈሳሹ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቆየ በኋላ ነው።

ባለሙያዋ የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ ትቀባለች፤ ኮምጣጤ በይው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ታየዋለች። ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ነጭ ምልክት ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ በፊት በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት የሚታከም ለውጥ ነው።

እኛ ጎጃም እናቶቻችንን የሚያስቀራቸው ሀፍረት ነው። እኔም እናቴን ያግባባኋት «ሴት ባለሙያ ታይሻለች» ብዬ ነው። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሠራ የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቂ። የገበያ ቀን ብታደርጊው መንገዱም አይከብዳት። የወር አበባ ላይ ከሆነች ግን ይለፍላት።