«አንደኛው የት ቀረ?»

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ እንዲገባቸው ግን በአማርኛ አስረዳለሁ። ሴል ውስጥ ምልክት የሚያደርሱትን ሞለኪውሎች «ሁለተኛ መልእክተኛ» ብዬ ሳስተምር አንዷ ተማሪ «አንደኛው የት ቀረ?» አለችኝ። ባልደረባዬ ደግሞ «ተላላኪ» በላቸው ይለኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የነገሩን እምብርት ነው የጠየቀችው። አንደኛው በር ላይ ቀርቷል።

ለምሳሌ አንደኛው መልእክተኛ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሲሆን፣ ጉበት ሴል ድረስ ይመጣል እንጂ አይገባም። ሽፋኑ ላይ ያለው ተቀባይ ይይዘዋል። ያኔ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል በብዛት ይመረታል። ወሬውን የሚያዳርሰው እሱ ነው። ግላይኮጅን የሚባለው የተከማቸ ስኳር ይፈርስና ግሉኮስ ወደ ደም ይወጣል። ይህን የደረሰበት አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርል ሰዘርላንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል።

እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ ግቢያችን ተከራይ የበዛበት ነው። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በር ሲያንኳኩ የአከራያችን ልጅ ትከፍታለች። እነሱ ደጅ እንደቆሙ እሷ በየበሩ እየሮጠች «ቆሻሻ አውጡ!» ትላለች። ሁላችንም ማዳበሪያችንን ይዘን እንወጣለን። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

«ተላላኪ» አይሆንም። ስድብነቱ ይቅርና፣ ተላላኪ ዳቦውን ገዝቶ ይመለሳል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ግን ሥራውን ሲጨርስ በኢንዛይም ተሰብሮ ያበቃለታል።

«ሁለተኛ መልእክተኛ» ስህተት የለበትም። ችግሩ «ሁለተኛ» ስንል ጆሯችን ደረጃ መስማቱ ነው፤ «ሁለተኛ ወጣ» እንደምንለው። ስለዚህ ተማሪ ከአንደኛው ያነሰ ሊመስለው ይችላል። እዚህ ግን ቁጥሩ የተራ ነው።

እኔ ብሆን «የውስጥ መልእክት አቀባይ» እል ነበር። ቃል አቀባይ ቃሉን እንጂ የላከውን ሰው ይዞ አይመጣም፤ ሴሉም ውስጥ የሚገባው ወሬው ነው፣ አድሬናሊኑ አይደለም። ለካልሲየምም ይሠራል፤ እሱም ሴሉ ውስጥ ካለ ማከማቻ ተለቆ መልእክት ያቀብላል። ደግሞ «ተቀባይ» እና «አቀባይ» ከአንድ የቃል ሥር የወጡ ናቸው፦ አንዱ ተቀበለ፣ ሌላው አቀበለ። ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው፤ ሽፋኑን በመሐላቸው ይሳሉ።

«መልእክት»ን «መልክት» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። «ላከ» በግእዝ «ለአከ» ነው፤ «እ» የመጣችው ከዚያ ነው። «መልአክ»ም ከዚሁ የተወለደ ነው።