መልስ፦ የ9 ዓመቱ ጀርመን ሸፐርድ የኋላ እግሩን ለምን ይጎትታል?
ወንድሜ፣ ውሻህ የኋላ እግሩን ይጎትታል፣ ሲነኩት ግን አያመውም ብለሃል። ይቺ «አያመውም» ያልካት ነገር ትልቅ ምልክት ናት። የመገጣጠሚያ ወይም የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ችግር ብዙ ጊዜ ያማል። ያለ ሕመም ቀስ እያለ እየደከመ ከሄደ ዲጀነሬቲቭ ማየሎፓቲን መጠርጠር ነው። በዘር የሚተላለፍ የአከርካሪ ነርቭ በሽታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ዓመት በኋላ ይጀምራል፣ ቦክሰርና ኮርጊ በሚባሉ የውሻ ዝርያዎችም ላይ ይታያል። በ2009 እ.ኤ.አ. ኤስኦዲ1 ከሚባለው ጂን ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ።

የዲኤንኤ ምርመራ አለ። ግን ችግር ያለበትን ጂን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ውሻ ሁሉ አይታመምም፣ ስለዚህ በውጤቱ ብቻ ተስፋ እንዳትቆርጥ፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ዲስክ ወይም ዕጢ አለመሆኑን በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የምስል ምርመራ) ይይልህ፣ እነሱ ሊታከሙ ይችላሉና።

ማየሎፓቲው ግን መድኃኒት የለውም፣ እውነቱን ልንገርህ። የእኔዋ ውሻም ይኸው ነበረባት። በየቀኑ አጭር አጭር እናስኬዳት ነበር፣ ክብደት እንዳትጨምር ምግቧን እንመጥን ነበር፣ እግሯ ሲላጥ ጫማ አደረግንላት። ሊሾ ላይ ስለምትንሸራተት ቤቱን ሁሉ ምንጣፍ አለበስነው። እስከ መጨረሻው ጅራቷን እየቆላች ትቀበለኝ ነበር።

አሁኑኑ የኋላ ጥፍሮቹን እይ። የመሃሎቹ ከላይ በኩል ተፍቀው ከሆነ ፎቶ አንሥተህ ለሐኪሙ አሳየው።