የቴአትር ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ለአዳማ የቴአትር ክበብ ልጆች፣

ተዋናይ ከመምረጣችሁ በፊት ቴአትሩ የሚታይበትን መድረክ ለኩት። በትምህርት ቤት ክፍል ተጠንቶ በዋዜማው ወደ ሰፊ አዳራሽ ሲገባ፣ 3 እርምጃ የነበረው መንገድ 8 ይሆናል፤ ቃሉ አልቆ ተዋናዩ ገና መንገድ ላይ ነው። ወርዱን፣ ጥልቀቱንና መግቢያዎቹን ለክታችሁ በጥናት ክፍሉ ወለል ላይ በፕላስተር አስምሩት። ክፍሉ ከጠበበ ልኩን አታሳንሱ፤ የመድረኩን ግማሽ ብቻ አስምራችሁ በየግማሹ አጥኑ።

አንድ ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ ተውኔት፣ ተቀምጦ ለማንበብ 4 ወይም 5 ቀን አይበዛም። ገጸ ባሕርይው ምን ፈልጎ እንደሚነሳ ሳይታወቅ የተሰጠ እርምጃ በሁለተኛው ሳምንት መፍረሱ አይቀርም። ቃል ለመሸምደድ ግን አትቸኩሉ። ጽሑፉ በእጅ እንዳለ እንቅስቃሴው ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ እግር ራሱ ቃሉን ያስታውሳል።

እንቅስቃሴው ሁሉ በጽሑፉ ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ ይለወጣልና። ቀኝና ግራ ማለት ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ ተዋናይ ቀኝና ግራ ነው፤ አዘጋጁ (ዳይሬክተሩ) ፊት ለፊት ተቀምጦ በራሱ ቀኝ ካዘዘ ሁለት ሰው ይጋጫል። በአንድ ጥናት 8 ወይም 10 ገጽ ይበቃል። ከመበተናችሁ በፊት ያንኑ ሳታቋርጡ አንዴ ድገሙት፤ ያልተደገመ ነገ አይገኝም። (የአዳማ የከሰዓት ሙቀት ደግሞ ሰው ያደነዝዛል። መስኮት ቢከፈት የባጃጅ ጥሩምባ ነው። ጠዋቱን ያዙ።)

አሁን በተውኔቱ ውስጥ ቡና ወደሚፈላበት ትዕይንት እንምጣ። ብዙ አዘጋጅ ቡና አፍዪዋን ከመድረኩ መሐል ፊት ላይ በበርጩማ ያስቀምጣታል። ለስብሰባ በተሠራ፣ ወለሉ ዘቅዘቅ በማይል አዳራሽ መድረኩ ዝቅ ካለ፣ ኋላ ያለው ሰው ጭንቅላቷን እንጂ እጇን አያይም፤ ጀበናውም ረከቦቱም ከፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ይጋረዳል። ወደ ጎን ወስዳችሁ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አድርጓት፤ ፊቷ ለተመልካቹም ለእንግዶቹም በሰያፍ ይታይ። እንግዶቹን ከኋላዋ አትደርድሩ፣ በተናገሩ ቁጥር ዞራ ጀርባዋን ትሰጠናለች። ከዚያ ከፊት ረድፍ ዳርና ዳር ወንበሮች ላይ፣ ቀጥሎም ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣችሁ እዩት።

ጀበናውና ሲኒው ከመጀመሪያው ሳምንት ይምጡ፣ ውኃም ይኑርባቸው። 6 ሲኒ መቅዳት የሚፈጀውን ጊዜ በባዶ እጅ የሚገምት የለም፤ ቃሉ ያልቅና 4 ሲኒ ይቀራል። ያኔ ወይ ሲኒው ይቀነሳል፣ ወይ ቃሉ በየሲኒው መሐል ይከፋፈላል።

ቄጠማውንም ቀድማችሁ አስቡበት። ከተጎዘጎዘ የፕላስተሩን ምልክት ይሸፍናል፤ እርጥብ ከሆነም ያንሸራትታል። ምልክቱን በወንበር እግርና በምንጣፍ ጠርዝ ተኩት፣ ተዋናዮቹም መድረክ ላይ በሚለብሱት ጫማ ይለማመዱበት።