ታሪኩን ያስታውሳሉ፣ ትምህርቱን ግን ረሱት

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተራ ሲደርሰኝ እሰብካለሁ። ሰው እንዳይሰለች ብዬ ታሪክና ምሳሌ አበዛለሁ። በኋላ ስጠይቃቸው ታሪኩን አንድ ሳይቀር ይነግሩኛል፤ ስለ ምን እንዳስተማርኩ ግን የሚያስታውስ የለም። አንድ ወንድም «ቃሉ ብቻውን ይበቃል፣ ተረቱን ተው» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ቃሉ ራሱ እኮ በታሪክ የተሞላ ነው፤ ጌታም ሕዝቡን «ያለ ምሳሌ ግን አልነገራቸውም» ተብሎ ተጽፏል (ማር. 4፥34)። ይሁን እንጂ የወንድምህን ነገር ንቀህ አትለፈው፤ ያየው ጉድለት አለ።

ነቢዩ ናታንን ተመልከት (2ሳሙ. 12)። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮን እንዳስገደለው እያወቀ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ «አትግደል፣ አታመንዝር» ብሎ አልጀመረም። ባለጠጋው የድሃውን አንዲት በግ እንዴት እንደወሰደበት ነገረው። ንጉሡ ተቆጣ፣ በዚያ ሰውም ላይ ሞት ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ታሪኩ የክሱ ማሟሻ አልነበረም፤ ክሱ ራሱ ነበር። ዳዊት በጉን አስታውሶ ኃጢአቱን ሊረሳ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

ጌታችንም ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ሲለው የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ነግሮ ፍርዱን ለጠያቂው መለሰለት (ሉቃ. 10)። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበርና፣ ሰውየው «ሳምራዊው» እንኳ ማለት ከብዶት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ብቻ «ምሕረት ያደረገለት» አለ። መልሱ ከራሱ አፍ ወጣ።

ስለዚህ ስታዘጋጅ ታሪኩን አውጥተህ ስብከቱን አንብበው። ምንም ካልጎደለው ታሪኩ ጌጥ ነበር፤ ሰዎቹም ያስታወሱት ጌጡን ነው። ለአንድ ስብከት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሦስት ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ።

ዝርዝሩንም ሁሉ ለመፍታት አትድከም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የወይኑን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ (ማቴ. 20) ሲተረጉም፣ በምሳሌ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል መመርመር እንደማይገባ፣ የተነገረበትን ዓላማ መያዝ እንደሚበቃ ያስተምራል። አለዚያ በሉቃስ 18 ያለውን ዓመፀኛ ዳኛ እግዚአብሔር ነው ልትል ነው! ዓላማው ግን «ሳይታክቱ ዘወትር ሊጸልዩ እንዲገባቸው» ተብሎ ገና ከመግቢያው ተነግሯል። አንተም ምሳሌህ የሚሸከመውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተህ ለጉባኤ አታቅርበው።

ፈጥረህ የምትናገረውን «በእውነት የሆነ ነው» አትበል። «አንድ ሰው ነበረ» ማለት ውሸት አይደለም፣ ያልሆነውን ሆኗል ማለት ግን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው አምኖ ያካፈለህን ምስጢር ምሳሌ አታድርግ። ስሙን ብትሸሽግ እንኳ ከተቀመጡት መካከል ባለቤቱ ራሱን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ለምክር ወደ አንተ አይመጣም።